ቅቤና ቫርኒሽ

ቫርኒሽ ሲሸተኝ ቀኝ እጄ ሳላዘው ይጨበጣል። ሌላውን ሰው ሽታ የሚወስደው ወደ እናቱ ጓዳ ነው ይባላል፤ እኔን ግን የሚወስደኝ እህል ተራ መንገድ መሃል፣ ዱላ ይዤ ወደ ቆምኩበት ቦታ ነው። ባለፈው ሳምንት ከስታዲየሙ ወረድ ብሎ፣ ድሮ ትራክተር የሚጠገንበት ሰፈር፣ አዲስ እንጨት ቤት ተከፍቷል ተብዬ ሄድኩ። በሩ ጋ ሳልደርስ ሽታው ቀድሞ ተቀበለኝ፤ ገና የተላገ ባሕር ዛፍ፣ በላዩ ቫርኒሽ። ከውስጥ መላጊያው እንጨቱ ላይ ሲሄድ ይሰማል። ሽው፣ ሽው፣ ቆም። ሽው፣ ሽው፣ ቆም። ያንን ቆም የሚል አላላግ አውቀዋለሁ። አንገቴን ሳስገባ ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶ አጎንብሷል፤ እርሳሱ ጆሮው ላይ ተሰክቷል፤ ትከሻው ሰፍቷል፣ ፀጉሩ ከኋላ ሳስቷል። ቱፋ ነው። አቦምሳ ቀርቷል ሲሉኝ ነበር። በሩ ላይ ተተክዬ ቀረሁ። ልግባ ወይስ ልመለስ?

ትዝታ ለማውራት ሽበት ያስፈልጋል የሚል ካለ ችግሩ የራሱ ነው። እኔ ሠላሳ አልሞላኝም፤ አሰላ ግን በእኔ ዕድሜ ብቻ ሁለት ሦስት ጊዜ ሌላ ከተማ ሆናለች። ያኔ ባጃጅ ከመናኸሪያ እስከ ሆስፒታል በሁለት ብር ይወስድ ነበር፤ አሁን በሁለት ብር ባጃጁን መደገፍም አይቻልም። ፓስቲ በአንድ ብር እጅ ይሞላ ነበር፤ ዘይቱ በጋዜጣው አልፎ የሹራብ ኪስ ውስጥ ይገባ ነበር። ዘፈን በሚሞሪ ካርድ የሚጫንበት ጊዜ ነው። ጫኙ "ኦሮምኛ ላድርግ አማርኛ?" ሲል "ስፕሪስ አድርገው" እንለዋለን፤ እውነትም ከተማው ስፕሪስ ነበር፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምረን በኦሮምኛ እንጨርሰዋለን፤ የሚገርመው አልነበረም። የሴት ልጅ ክረምት ኮንጎ ጫማ ነው፤ በጋው ሸራ ጫማ ነው። ጠዋት የጭላሎ ተራራ ደመናውን እንደ ነጠላ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይቆማል፤ ነፋሱ ከወደ ብቅል ፋብሪካው ሲዞር የብቅሉ ሽታ መላ ከተማውን የሰከረ ያስመስለዋል። ጊዜው ግን ጥሩ ነበር አልልም። መንገዱ አንድ ሳምንት ይዘጋል፣ አንድ ሳምንት ይከፈታል። ሦስት ሰው ቆሞ ካወራ አራተኛው መጥቶ "ምንድን ነው እሱ?" ይላል። ማን ምን እንዳለ፣ ማን ምን እንደሆነ፣ እሱን ለሚያውቁት ትቻለሁ።

እዚህ አገር እግር ያለው ሁሉ ይሮጣል። ጎህ ሲቀድ አስፋልቱ የሯጭ ነው። እኔም ሮጫለሁ፤ ሁልጊዜ ከሽልማቱ ቀጥሎ ነው የምገባው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤቱ አልመጣም፤ አባቴ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ጸሐፊ ነው፤ እናቴ እዚሁ አርሲ የጎበሳ ሰው ናት፣ ቤተሰቧ ከድሮም ጴንጤ ነው። ቤት ቁጭ ብዬ አንዱ "ፈተናውን ድገሚ"፣ ሌላዋ "ጸልዪ" ስትል፣ እኔ ግድግዳ እየረገጥኩ ነበር። ኮቴ የተባለው የውዝዋዜ ቡድን ልጆች ይፈልጋል ሲባል የሄድኩት ለጥበብ አይደለም። ከቤት ለመውጣት ነው። እናቴ ታይቴን አይታ "ጌታን በእግርም ማመስገን ይቻላል፤ ግን በዚህ አይደለም" አለችኝ። ጎረቤታችን ደግሞ "እግር ካለሽ አትሮጪም? ቆመሽ ምን ያወዛውዝሻል?" አሉኝ። ታይቴን እንደለበስኩ ወጣሁ።

ኮቴን ያቋቋመችው ቲቸር ሰናይት ናት። ከወሎ ተመድባ የመጣች የስፖርት አስተማሪ ነበረች፤ ቀጭን፣ ድምፀ ወፍራም፣ ሻይ ሳትጨርስ የምትነሳ። ባዶ የስንዴ መጋዘን ለመነችና አገኘች። የሲሚንቶው ብርድ በባዶ እግር እስከ ጉልበት ይወጣል፤ ስንዘል የድሮ ስንዴ አቧራ ከስንጥቁ ይነሳና ያስነጥሰናል። እስክስታ ወይ ሸጎዬ ትምህርት የጠበቀ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ጥሎ ሄደ። የቲቸር ሥራ ሌላ ነበር፤ "ቦታ መጠየቅ" ትለዋለች። ወፍጮ ቤት ሰልፍ፣ ቦኖ ውሃ፣ የተቆረጠ ዋርካ ጉቶ፣ አንድ ቦታ ትመርጥልናለች፤ ሄደን እዚያ የሚውሉትን "እዚህ ምን ሆኖ ያውቃል?" ብለን እንጠይቃለን። የሰማነውን በቃል ማምጣት ክልክል ነው። በአካል ነው የሚመጣው፤ ሴትየዋ ጀሪካኑን ስታወርድ ወገቧን እንዴት እንደያዘች፣ ሰውየው መሬቱ የታጠረበትን ሲያሳይ ጣቱ የት ላይ እንደተንቀጠቀጠ። ከዚያ ውዝዋዜ እናደርገውና ተመልሰን እዚያው ቦታ፣ ለባለቤቶቹ እናሳያለን። "ልክ ካልሆነ ያርሙናል" ትላለች ቲቸር። ያርሙንም ነበር። አንዴ ቦኖ ውሃ ጋ አንዲት ሴት መሃል ገብታ "ጀሪካን እንደዚህ የተሸከመ ሰው በቀጣዩ ቀን አይነሳም" ብላ ቀና አድርጋኛለች።

ለሊሴ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ናት፤ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጥነው። አሥረኛ ጨርሳ ለአናጺው ቱፋ ተዳረች። ኮቴ ውስጥ ከሁላችንም የምትበልጠው እሷ ነበረች፤ ስትወዛወዝ መሬቱ ስሟን የሚጠራት ይመስላል። ስትወልድ ጥቂት ቆይታ ተመለሰች፤ ሲፈንን፣ ሕፃኗን፣ መጋዘኑ ጥግ ጆንያ ላይ አስተኝታ ትለማመዳለች፣ ስታለቅስ ታጠባለች፣ ትመለሳለች። ቱፋ መጀመሪያ ላይ ክፉ አልነበረም፤ ይህንን ካላልኩ ውሸታም እሆናለሁ። መጥቶ በር ላይ ተደግፎ ያያል፣ ያፏጫል፣ "የእኔዋን አያችኋት?" ይላል። በኋላ ነው እንጨት ቤት ያሉት ጓደኞቹ "ቱፋ አልጋ ይሠራል፣ ሚስቱ ሜዳ ትጨፍራለች" እያሉ ሲበሉት የተለወጠው። ማፏጨቱ ቀረ። በር ላይ መቆሙ ግን አልቀረም።

የመጨረሻው ሥራችን ቦታ እህል ተራ ነበር፤ ገበያው ከታችኛው መንገድ ጋር የሚገናኝበት። እዚያ የጠየቅናቸው አዴ ቡልቱን ነው፤ አዴ እንደ እማማ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት ይሸጣሉ፤ ፀጉራቸው ቅቤ ጠጥቶ ሁልጊዜ ያብረቀርቃል። አማርኛቸው ላይ አንተና አንቺ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ወንዱን አንቺ፣ ሴቷን አንተ ይላሉ፤ የቀበሌውን ሊቀ መንበር ሳይቀር። ማንም አያርማቸውም። እኔን "ኢንታላ፣ ምን ትፈልጋለህ?" አሉኝ፤ ልጅት ማለታቸው ነው። ምን ሆኖ ያውቃል ስንላቸው ነገሩን። እሳቸው ሙሽራ እያሉ፣ ሁለት መንደር በግጦሽ ተጣልቶ ወንዱ ጦር ይዞ እዚህ መንገድ ላይ ሲገናኝ፣ ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው መሃል ቆሙ። ሲንቄ የአርሲ ሴት ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት፤ ቅቤ እየተቀባች ትኖራለች። ሴቶች ይዘዋት ከተሰለፉ በመሃላቸው ወንድ አያልፍም። አንዷ ሴት፣ በተለይ የወለደች፣ ከተደበደበች ሲንቄዋን ይዛ ወጥታ ትጮሃለች፤ ጩኸቱን የሰማች ባለትዳር ሁሉ የያዘችውን ጥላ ትወጣለች። በዳዩ ይቅርታ ሳይጠይቅ፣ ሽማግሌ ሳይቀመጥ፣ ወደ ቤት መመለስ የለም። "እና ወንዶቹ ምን አደረጉ?" አልኳቸው። "ምን ታደርጋለች? ጦሯን ይዛ ተመለሰች" አሉ። ጦሯን ይዛ የተመለሰችው ወንዱ ነው።

ቲቸር ሰናይት ዓይኗ በራ። ሰልፉን መጨረሻ ላይ ልታደርገው፣ ጩኸቱንም ልታስገባው ፈለገች። አዴ ቡልቱ ሽንኩርቱን አስቀመጡ። "ቲቸር፣ ስማ። በትሩን በሌላ እንጨት መጫወት ትችላለህ። እሪታ ግን ልምምድ የለውም። ከወጣ ወጣ ነው።" ቲቸር ለአገሩ እንግዳ ናት፤ ግን ሞኝ አይደለችም። "እሺ፤ አፍ ይከፈታል፣ ድምፅ አይወጣም" አለች። እንደዚያም ተለማመድን፤ መንገዱን ዘግተን እንሰለፋለን፣ ዱላችንን እናነሳለን፣ አፋችን በዝምታ ይከፈታል። እውነት ለመናገር ከጩኸት ይልቅ ያስፈራ ነበር። ዱላዎቹን የሠራልን ቱፋ ነው፤ ያኔ ገና ያፏጫል። ባሕር ዛፍ ልጎ፣ በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጎ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ፣ ተሸክሞ መጋዘኑ ድረስ አመጣቸው። የእኔ ዱላ ጫፉ ጋ ትንሽ ጉጥ ነበረባት፤ "ይቺ እንደ ባለቤቷ አልላግ ያለች ናት" ብሎ ሰጠኝና ሳቅን።

ትርኢቱ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ለሊሴ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ መጣች። ልምምድ ላይ ስትዞር ሻሹ ተንሸራተተ። አየሁት። ከግንባሯ እስከ ጆሮዋ ጠቁሯል። ውሃ ልንጠጣ ስንወጣ ይዣት ግድግዳው ጥግ ገባሁ።

"ማነው?"

"በር ነው።"

"በሩ ስሙ ቱፋ ነው?"

ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ፊቷ ላይ ተበላሸ። "አቦምሳ ልንሄድ ነው። ወንድሙ እዚያ እንጨት ቤት አለው። ዕቃውን የሚጭን አይሱዙ ተነጋግሯል፤ በትርኢቱ ቀን ነው።"

"አንቺስ?"

"እኔም ዕቃ ነኝ።" ሻሿን አስተካከለች። "ሜሪ፣ እዚህ እናቴ ባትኖርም አክስት አለኝ፣ ጎረቤት አለኝ፣ አንቺ አለሽ። እሱም ይፈራል። እዚያ ቆላ ማንን አውቃለሁ? እዚያ ከወሰደኝ…" አልጨረሰችውም። መጨረስም አላስፈለጋትም። እኔ ለቲቸር እንንገር አልኩ፣ ፖሊስ አልኩ፣ አባቴ ደብዳቤ ይጽፋል አልኩ፤ አንደበቴ ዝም አይልም። እሷ ግን ጭንቅላቷን ነቀነቀች። "ለትርኢቱ ፈቅዷል። 'ጨፍሪና ከዚያው ትጫኛለሽ' ብሎኛል።" ከዚያ ገብታ ለመጀመሪያ ጊዜ ልምምዱ ላይ ተሳሳተች፤ አፍ በሚከፈትበት ቦታ የእሷ ተዘግቶ ቀረ።

ቀኑ የገበያ ቀን ነው። ቀበሌው የፈቀደልን "ሰልፍ እንዳይመስል" ተብለን ነው፤ ዱላ ይዞ መንገድ ላይ መሰለፍ ሰልፍ ካልመሰለ ምን እንደሚመስል አልነገሩንም። ሁለት ሚሊሻ ጥግ ላይ ቆመው በቆሎ እሸት ይበላሉ። ካፊያ አለ። ሰዉ በጃንጥላ፣ በማዳበሪያ ከረጢት፣ በጋቢ ተሸፍኖ ከቦናል። ለሊሴ ዘግይታ መጣች፤ ሲፈንን ለአዴ ቡልቱ ሰጥታ አጠገቤ ቦታዋን ያዘች፤ ዱላዋን ከነጠላዋ ስር አወጣች። ያኔ ነው ቅቤ የሸተተኝ። በሁላችንም እጅ ያለው ቫርኒሽ ነው፤ የሚጣበቅ፣ አፍንጫ የሚወጋ። የእሷ ግን ቅቤ ቅቤ ይላል፤ ቀጭን ናት፣ ጠቁራለች፣ አልተላገችም። እናቷ የሰጠቻት ናት።

"ለሊሴ፣ ምንድን ነው የያዝሽው?" አልኳት ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ።

"ዝም ብለሽ ቁጥሩን ያዢ" አለችኝ።

ከበሮው ጀመረ። ውሃ ተሸከምን፣ ወፍጮ ቤት ተሰለፍን፣ አጥር ሆንን፣ አጥሩን ዞርን፤ ሰዉ ይስቃል፣ ያጨበጭባል፣ "ወፍጮ ቤቱን አየሽው? ያ እኮ የወፍጮው ሰውዬ ነው!" ይባባላል። እኔ ምንም አላየሁም። ዓይኔ ከታች መንገድ ላይ ነበር። አይሱዙው እየመጣ ነው። የእነ ለሊሴ አልጋ ተገልብጦ ከላይ ታስሯል፣ አራት እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ፤ ቱፋ ጋቢና ውስጥ ከሹፌሩ ጎን። ሰዉ መኪናውም የትርኢቱ ነው ብሎ መንገድ ለቀቀለት። አንዱማ "ዘንድሮ መኪናም ያስጨፍራሉ!" ሲል ሰማሁ። ሰልፉ ላይ ደረስን። መንገዱን ዘጋን። ዱላ አነሳን። አፋችንን ከፈትን።

ድምፅ ወጣ።

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ከእኛ አፍ ሳይሆን ከመንገዱ ስር የወጣ ነው የሚመስለው። "ያ ሃዳ ሲንቄ!" አለች ለሊሴ፤ የሲንቄ እናቶች ሆይ ማለት ነው፤ ከዚያ ቃል የሌለው እሪታ። ቲቸር ሰናይት ከጥግ በእጇ "ዝቅ፣ ዝቅ!" ትላለች፤ የተሳሳተች መስሏታል። ሕዝቡ አጨበጨበ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ። ከዚያ ጭብጨባው በቦታው ሞተ፤ ምክንያቱም ሴቶቹ ተነሱ። ስንዴ የምትሰፍረው ጣሳውን ጣለች። ዶሮ ይዛ ትከራከር የነበረችው ዶሮዋን ለቀቀቻት። ሲንቄዋ ቤት የቀረባት ከመንገድ ዳር እርጥብ ሣር ነጭታ በበትሩ ምትክ በሁለት እጇ ያዘች። ወደ እኛ መጡ፤ አልሮጡም፤ ይህ ነው የሚያስፈራው። ግራና ቀኛችን ገብተው ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር ሞሉት፤ ከኋላችን ሌላ ሰልፍ ሆነ። አንዷ ለሊሴን "ማነው?" አለቻት በኦሮምኛ። ለሊሴ ሻሿን ከራሷ ላይ አወረደችው። ሌላ አልተናገረችም። ካፊያው ጥቁረቱ ላይ ይወርዳል። ሚሊሻዎቹ እሸታቸውን እንደያዙ ቀሩ።

አይሱዙው ክላክስ ነፋ። አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋው። መስኮቱን አውርዶ፣ ለቱፋ ይሁን ለእግዜር አይታወቅም፣ "እኔ እናት አለችኝ። በዚህ መሃል አልነዳም" አለ። ቱፋ ወረደ። በሩን አልዘጋውም። በሰልፉ ፊት ለፊት ቀስ ብሎ መራመድ ጀመረ፤ እንጨት የሚመርጥ ሰው እንዴት እንደሚያይ ታውቃላችሁ፤ አንድ በአንድ፣ የቱ ጋ ስንጥቅ እንዳለ። የአዛውንቶቹን አለፈ። ሣር የያዙትን አለፈ። እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። የዱላዬን ጉጥ አየ።

"ይቺን የላግኳት እኔ ነኝ" አለ፤ ጮክ ብሎ፣ ለሕዝቡ። "ሲንቄ አይደለችም። ባሕር ዛፍ ናት። ከመጥረጊያ እንጨት የተረፈች ናት።" አንዳንዱ ወንድ ሳቀ። እውነቱን ነው። ቱፋ እጁን ዘርግቶ ዱላዬን ያዘ፤ እኔም አልለቀቅኩም፤ ሁለታችንም ያዝናት። ትንፋሹ ይሰማኛል። ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ብቻ፣ "ልቀቂ። አንቺ ሚስት ነሽ? እናት ነሽ? አርሲስ ነሽ? ምንድን ነሽ?" አለኝ።

እስከ ዛሬ ድረስ ለዚያ ጥያቄ የማሰማምረው መልስ አያልቅብኝም፤ ባጃጅ ውስጥም፣ ሻወር ስርም። ያኔ ከአፌ የወጣው ግን "ቆሜያለሁ፣ አታይም?" የሚል ብቻ ነው። ሳብ አደረጋት። ቫርኒሹ እርጥበት ላይ አንሸራተተኝ። ተንሸራትታ ከእጄ ብትወጣ ክፍተት ይሆናል፤ ክፍተት ከሆነ ያልፋል፤ ካለፈ ለሊሴን ክንዷን ይዞ ያ የተገለበጠ አልጋ ስር ያስገባታል። ሁሉም ሰው ይህንን ያውቃል።

አዴ ቡልቱ ከኋላዬ መጡ። ሲፈን ጀርባቸው ላይ ታዝላ ተኝታለች። ሳይቸኩሉ አጠገቤ ቆሙ፤ ቱፋን አላዩትም፤ ዱላዬን ነው ያዩት። ከዚያ መዳፋቸውን አንስተው ፀጉራቸውን አንዴ ዳበሱ፣ ቅቤ ያለበትን፤ ያንን መዳፍ ዱላዬ ላይ ከላይ እስከ ታች አሳረፉት፤ የቱፋ እጅ ያለበት ላይ ሲደርሱ እጁ እስኪነሳ ጠበቁ። ተነሳ። ቀቡትና ጨረሱ።

"እንጨቱን አንቺ ላግሽው" አሉት ቱፋን። "እሪታውን ማን ላገው?"

መዳፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

"አሁን እስኪ እለፊ።"

እለፊ። አንድ ሰው ከኋላ ሊስቅ ጀምሮ ዋጠው። ያ የአማርኛቸው ስህተት ነው ወይስ ሆን ብለው ነው? የሁልጊዜ ስህተታቸው ነው፤ ግን ያን ቀን ያን ቃል የሰማ ወንድ ሁሉ ልብሱን ሲነካካ አይቻለሁ። ቱፋ እጁን አየው። ቅቤ ነክቶታል። ሱሪው ላይ ሊጠርገው ጀመረና ተወው። ወደ ሰልፉ አንድ እርምጃ መጣ፤ ደረቴ ከዱላው፣ ዱላው ከደረቱ ሊገናኝ ነው። እዚያ ቆመ። ከዚያ ጎኑን አዞረና መንገድ ዳር፣ ጭቃው ላይ፣ ቁጭ አለ።

ሽማግሌዎቹ እስኪመጡ ሴቶቹ ከመንገዱ አልተነሱም፤ ገበያው እንደተበተነ ቀረ፤ ዶሮዋን የለቀቀችው ሴት አላገኘቻትም። ቱፋ ተነስቶ በትርና ሣር በያዙት ሴቶች ፊት ይቅርታ ጠየቀ፤ አልጋው ከአይሱዙው ወረደ፤ ሲያወርዱት አንድ እግሩ ተሰበረ፤ ሰሪው ራሱ ነውና ማንም አላዘነለትም። ለሊሴ አሰላ ቀረች። ቱፋ ለተወሰነ ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ኖረና ብቻውን ወደ አቦምሳ ሄደ። የእኛ ነገር ግን አላማረም። "ፈቃዱ ለጭፈራ ነበር" ተባልን፤ መጋዘኑ ተቆለፈ። ቲቸር ሰናይት ምን እንዳጠፋን ልትጠይቃቸው ሄዳ፣ ምን እንዳጠፋን ሊነግሯት አልቻሉም፤ በሚቀጥለው መስከረም ሌላ ቦታ ተመደበች። አውቶቡስ ላይ ስትወጣ "ልክ ካልሆነ ያርሙናል አላልኳችሁም?" አለች፤ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። እናቴ ደግሞ ሁሉንም ከጎረቤት ሰምታ ጨርሳ፣ ዱላዬን አየቻት፣ አሸተተቻትና ምንም ሳትል በር ጀርባ አቆመቻት። አሁንም እዚያው ናት። ቫርኒሹ ለቋል። ቅቤው ገብቷል።

ለሊሴ ዛሬ ቆላ ወርዳ ዴራ ከተማ ናት፤ መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች፤ "ብርድሽን ትተሽ ነይ፣ ፀሐይ ይንካሽ" እያለች ትደውልልኛለች። ሲፈን ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ለክረምቱ እኔ ጋ ናት፤ እንደ እናቷ መሬት ስሟን ይጠራታል። እና ዘንድሮ ኮቴን ልናስነሳው ነው፤ መጋዘን የለም፣ ሜዳ አለ። ልጆች አሉ። ዱላ ግን የለም። ለዚህ ነው እንጨት ቤት የሄድኩት።

በሩ ላይ ቆሜ ለለሊሴ ደወልኩላት። "የመጣሁበት እንጨት ቤት የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ቱፋ ነው።"

የዴራ መኪና ክላክስ ይሰማኛል። "አላላጉ ጥሩ ነው" አለችኝ። "ሌላ ሌላውን አላውቅም። ግቢ።"

ገባሁ። መላጊያው ቆመ። ዞሮ አየኝ፤ መጀመሪያ ፊቴን፣ ከዚያ እጄን። እጄ ተጨብጦ ነበር። ከሁለታችን መሃል ግማሽ የተላገ እንጨት አግዳሚው ላይ ተኝቷል። "ግቢ" አላለኝም፤ ገብቻለሁ።

"ዱላ ፈልጌ ነው" አልኩት። "እንደ ድሮዎቹ።"

እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ። የሚጽፍበት ፈልጎ አጣ። "ለጭፈራ ነው ለቁም ነገር?" አለኝ።

"አንተ ብቻ ላገው። እሱ መንገዱ ላይ ይታያል።"

ባሕር ዛፍ መረጠ፤ ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለው፤ በዓይኑ አነጣጠረበት። መልሶ አስቀመጠውና ሌላ አነሳ፤ ጫፉ ጋ ጉጥ ያለበትን። እየላገ፣ ቀና ሳይል፣ "ቫርኒሽ ልቀባቸው?" አለኝ።

"ቫርኒሹ ይቅር" አልኩት።